ለልጅ የመጀመሪያዋን የስፌት መኪና ስንመርጥ

  

ባለፈው እሁድ ከፕሮግራም በኋላ ሻይ እየጠጣን አንዲት እህታችን የገዛችውን ዕቃ ከፌስታል አውጥታ አሳየችን። የጫማ ካርቶን የማታክል፣ ሮዝ ቀለም ያላት የልጅ ስፌት መኪና ናት። ለሰባት ዓመት ልጇ ልትልክላት ነው። ሁላችንም "ውይ፣ ስታምር!" አልን። እኔም ብያለሁ። ሰርቪስ ውስጥ ገብቼ ወደ ቤት ስመለስ ግን ጸጸተኝ፤ ምክንያቱም የዛሬ ሁለት ዓመት ያችኑ የመሰለች መኪና ለልጄ ልኬ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ሰው ፊት ደስታዋን ላለማበላሸት ብዬ ነው ዝም ያልኩት፤ በማግስቱ ደውዬ ነገርኳት። እሷም "ታዲያ ለምን ለሁላችንም አትጽፊውም?" አለችኝ። ስለዚህ የዚህ ወር ትምህርታችን ስለ ስፌት መኪና ሆነ።

እኔ ልብስ ሰፊ አይደለሁም። 12ኛ ክፍል ጨርሼ የመጣሁ፣ እንደ እናንተው የቤት ሠራተኛ ነኝ። የማውቀውን ያወቅሁት ከሁለት ሰው ነው። አንደኛዋ የማዳሜ እናት፣ ቴታ የምላቸው፣ ከሰዓት በኋላ አጠገባቸው አስቀምጠው መጋረጃና የትራስ ልብስ ያሰፉኝ ናቸው። ሁለተኛው ደሴ፣ እናቴ ሰፈር በረንዳ ላይ በእግር መኪና የሚሰፉ ሽማግሌ ናቸው። ልጄ ጋሼ ትላቸዋለች፤ እኔም በዚያው ልጥራቸው።

የኔ ስሕተት

ልጄ ከእናቴ ጋር ነው የምታድገው። ጥያት ስመጣ ሁለት ዓመት ከመንፈቋ ነበር። ስድስት ዓመት ሲሞላት በስልክ "እማ፣ እኔ እንደ ጋሼ ልብስ መስፋት እፈልጋለሁ" አለችኝ። ለካስ ከትምህርት ቤት ስትመለስ እዚያ በረንዳ ቆማ ስታያቸው ነው የምታመሸው፤ እማዬ እየተቆጣች ነው የምታመጣት። ደስ ያለኝን ደስታ ምን ልበላችሁ! እኔ ስለ ልጄ የማውቀው ትንሽ ነው። የምትወደውን ወጥ እንኳ የምትነግረኝ እማዬ ናት። ይህን ግን ራሷ ነገረችኝ።

በዚያው ሳምንት የአንድ ሱቅ መስኮት ላይ ሮዟን መኪና አየሁ። 15 ዶላር። በአራት ትንንሽ ባትሪ ድንጋይ ትሠራለች፣ ካርቶኑ ላይ የምትስቅ ልጅ ፎቶ አለ። ሁለት ጊዜ አላሰብኩም። አገር የምትገባ ሰው ለመንኩና ላክሁላት። ስትከፍተው በቪዲዮ አየኋት፤ እየዘለለች ነበር።

ከሦስት ቀን በኋላ ስደውል ስልክ አልይዝም አለች። እማዬን ብጠይቃት "ተያት እቴ፣ አኩርፋ ነው" አለችኝ። በመጨረሻ ያዘችና "እማ፣ እጄ አይሆንም። እኔ ስሰፋ ይተረተራል። ጋሼ ሲሰፉ አይተረተርም" አለችኝ። ቀጥላ ያለችው ነው እስከ ዛሬ ከልቤ የማይወጣው፤ "ገንዘብሽን አበላሸሁብሽ" አለች። የስድስት ዓመት ልጅ!

እህቶቼ፣ የልጄ እጅ ምንም አልሆነም ነበር። መኪናዋ ናት ስፌት የማታውቀው። ልጅ ግን ዕቃው መጥፎ ነው አይልም፤ እኔ አልችልም ነው የሚለው። እኛ ደግሞ አጠገቡ ሆነን "አይ፣ አንተ አይደለህም" ልንለው አንችልም። ስለዚህ ከሩቅ የምንልከውን ዕቃ ከሌላው እናት በበለጠ ተጠንቅቀን መምረጥ አለብን።

ለምን ይተረተራል?

የሩዝ ከረጢት አፍ ስንከፍት አስተውላችኋል? ትክክለኛውን የክር ጫፍ ካገኛችሁ አንድ ጊዜ ሳብ ስታደርጉት ስፌቱ በሙሉ ጥርርር ብሎ ይለቃል። ይህ የሰንሰለት ስፌት ይባላል። ክሩ ቀለበት እየሠራ፣ አንዱ ቀለበት ቀጣዩን ብቻ ይዞ ነው የሚሄደው። መጨረሻው ካልታሰረ ሁሉም ይፈታል። ለከረጢት ጥሩ ነው፣ መከፈት ስላለበት። ብዙዎቹ የአሻንጉሊት መኪናዎች የሚሰፉት እንዲህ ነው፤ እንደ ስቴፕለር በእጅ ተይዘው የሚሰፉት ትንንሾቹም እንደዚሁ። ልጅ ደግሞ ስፌቷን ስትጨርስ የመጀመሪያ ሥራዋ ምንድን ነው? ጨርቁን መጎተት! በቃ፣ ሥራዋ ሁሉ በእጇ ላይ ይፈታል።

ትክክለኛ የስፌት መኪና ሁለት ክር አለው። አንዱ ከላይ በመርፌው ይወርዳል፤ ሌላው ከታች ቦቢን በምንላት ትንሽ ማጠንጠኛ ላይ ተጠቅልሎ ይቀመጣል። መርፌው ሲወርድ ከሥር ያለው መንጠቆ የላይኛውን ክር ይዞ በታችኛው ዙሪያ ያዞረዋል፤ ሁለቱ ጨርቁ መሐል ላይ ይቆላለፋሉ። አንዱ ቦታ ቢበጠስ እንኳ ሌላው ይይዛል። በዚህ ዓይነት ለሚሰፋ መኪና አሜሪካዊው ኤልያስ ሃው እ.ኤ.አ. በ1846 የፈጠራ መብት አወጣ፤ በ1851 ደግሞ አይዛክ ሲንገር የራሱን አወጣ። እኛ አገር የማንም ፋብሪካ ቢሆን "ሲንጀር" የምንለው ከዚህኛው ሰውዬ ስም ነው።

ስለዚህ ሱቅ ስትገቡ ካርቶኑን አትዩ። ከመርፌው ሥር ያለውን መዝጊያ ክፈቱ ወይም ክፈቱልኝ በሉ። ቦቢን ከሌለ ተዉት። ቦቢን ያላቸው ትንንሽ የፕላስቲክ መኪናዎችም አሉ። እነሱ ስፌታቸው አይተረተርም፤ ነገር ግን ብዙዎቹ ቀላል ስለሆኑ ሲሰፉ ጠረጴዛ ላይ ይዘላሉ፣ የዩኒፎርም ጨርቅ እጥፍ ሲሆንባቸው መርፌው ይቆማል፣ ፍጥነታቸውም ወይ ሁለት ነው ወይ ማብሪያና ማጥፊያ ብቻ ነው። አንድ ልጅ ቀስ በይ ሲላት ቀስ የማትል መኪና ፊት መቀመጥ የለባትም።

በእጅ፣ በእግር ወይስ በመብራት?

የቴታ መኪና በእጅ የምትዞር ናት። ጥቁር፣ ወርቃማ ሥዕል ያላት፣ ከባድ ብረት። የተሠራችው ስኮትላንድ ክላይድባንክ በሚባል ከተማ በነበረው የሲንጀር ፋብሪካ ነው። ፋብሪካው በ1885 ተከፍቶ በ1980 ተዘግቷል። ፋብሪካው የለም፣ መኪናዋ ግን ትሰፋለች። እጀታዋን አንድ ዙር ስታዞሯት መርፌዋ ሦስት ጊዜ ያህል ትወርዳለች። እጅ ሲቆም መርፌ ይቆማል። ለልጅ ከዚህ የተሻለ ፍሬን አላውቅም። ቀኝ እጇ እጀታው ላይ ስለሆነ መርፌው አጠገብ የምትሄደው ግራ እጇ ብቻ ናት፤ እሱም ለጥንቃቄ ጥሩ ነው። ክፋቱ ረጅም ጨርቅ በአንድ እጅ መምራት ይከብዳል። ግን የስምንት ዓመት ልጅ መጋረጃ ትስፋ አላልንም።

የእግር መኪና ጎበዝ ነው፣ መብራትም አይፈልግም። ለትንሽ ልጅ ግን እግሯ በደንብ መድረስ አለበት፤ ደግሞ መርገጫው ላይ ልማድ ያላገኘ ሰው ጎማውን ወደ ኋላ ያዞረዋል፣ ያኔ ክሩ ይጠላለፋል ወይም ይበጠሳል። እኔ ራሴ ለመልመድ ብዙ ተቸግሬያለሁ። ጋሼ የነገሩኝን ልጨምር። የብዙ የእግር መኪናዎች ራስ ከጠረጴዛው ላይ ተነቅሎ የእጅ ማዞሪያ ሊገጠምለት ይችላል። ጎማው እንደ ብስክሌት ጨረር ያለው መሆን አለበት፤ ከጎማው በታች አካሉ ላይም ማዞሪያው በብሎን የሚታሰርበት ቦታ መኖር አለበት። ይህ ካለ ልጅቷ አሁን በእጅ ትሰፋበታለች፣ ስታድግ ወደ ጠረጴዛው ይመለሳል። አንድ ጊዜ ገዝቶ ለብዙ ዓመት ማለት ነው።

የመብራቱ መኪና መጥፎ አይደለም። ልጁ አሥር፣ አሥራ አንድ ዓመት ከሞላው እኔም አልቃወምም። ችግሩ ፔዳሉ ነው፤ ልጅ ይደነግጥና እስከ መጨረሻው ይረግጠዋል። ከፔዳሉ ሥር ቁራጭ ስፖንጅ ብታስገቡበት እስከ ታች ስለማይወርድ ፍጥነቱ ይቀንሳል። አንዳንድ አዳዲሶቹ ደግሞ ፍጥነቱን የሚወስን ተንሸራታች ቁልፍ ፊታቸው ላይ አላቸው፤ እሱን ዝቅተኛው ላይ አድርጎ መስጠት ነው። የምትገዙት እንዲህ ያለ ከሆነ ከጀርባው ወይም ከሥሩ የተለጠፈውን ጽሑፍ አንብቡ። ኢትዮጵያ 220 ቮልት ነው። ከአሜሪካ የመጣ አሮጌ መኪና 110 ወይም 120 ይላል፤ አገር ቤት ቀጥታ ሶኬት ላይ ቢሰካ ይቃጠላል። ደግሞ እናንተው ታውቁታላችሁ፣ ሰፈራችሁ መብራት በሳምንት ስንት ቀን ይጠፋል? ልጅ ልስፋ ባለችበት ሰዓት መብራት ከሌለ ፍላጎቷም አብሮ ይጠፋል።

ከዚህ ልላክ ወይስ እዚያ ይገዛ?

ሁለተኛውን መኪና ልገዛ ስነሳ በመጀመሪያ ሱቅ አል አሐድ ሄጄ ነበር። አሮጌ የእጅ መኪና አገኘሁ፣ ዋጋውም ደህና ነው። ነገር ግን የብረት መኪና ከነመቀመጫው ከ10 ኪሎ ያልፋል። ማን ሻንጣው ውስጥ ያንን ይዞልኝ ይሄዳል? የካርጎውን ስጠይቅ የመኪናዋን ዋጋ ሊያክል ደረሰ። ተናድጄ ጋሼን አገናኙኝ አልኩ። እማዬ ስልኩን በረንዳው ድረስ ወስዳ ሰጠቻቸው።

"ልጄ፣ መኪና አትላኪ" አሉኝ። "ገንዘቡን ላኪ፣ እኔ አይቼ እገዛለሁ። የላክሻት ብትበላሽ ማን ይሠራታል? መርፌዋስ ከየት ይመጣል?"

"ጋሼ፣ ለትንሽ ልጅ የምትሆን ትኑር ብዬ ነው እኮ" አልኳቸው።

"ለሕፃን ብለሽ አሻንጉሊት አትግዢ። ትንሽ ትሁን፣ ግን መኪና ትሁን።"

እውነታቸውን ነው። ሰፈር ውስጥ የሚሠራት ሰው ያለ መኪና ከውጭ ከመጣች ቆንጆ መኪና ይበልጣል። አዲስ አበባ ዘመድ ያላችሁ መርካቶ አዲስም አሮጌም ይገኛል፤ ብቻ የሚያውቅ ሰው ይዘው ይሂዱ። ከሲንጀር ሌላ የቻይናዋ ባተርፍላይ፣ ቢራቢሮ ያለባት፣ አሠራሯ ከሲንጀር 15 የተቀዳ ስለሆነ መርፌዋም ቦቢኗም ከዚያው ጋር አንድ ነው። ሲንጀር 99 እና 128 የሚባሉት ደግሞ መጠናቸው ከትልቁ ሦስት አራተኛ ስለሆነ ለልጅ ክንድ ይመቻሉ። 128ቷ ግን ከሥር ክብ ቦቢን አይደለም ያላት፤ እንደ ጀልባ ሾል ያለች ማመላለሻና ረጅም ቀጭን ማጠንጠኛ ናት። መስፋት ትሰፋለች፣ ማጠንጠኛዋ ከጠፋ ግን መተኪያ ፍለጋ መንከራተት ነው። ምርጫ ካላችሁ ክቧን ምረጡ።

ለሚገዛላችሁ ሰው ይህን ንገሩት። ባዶ እጁን አይሂድ፤ አቡጀዴ ቁራጭና ሁለት ቀለም ክር ይያዝ። ከላይ ቀይ፣ ከታች ነጭ ይደረግና ይሰፋ። ነጩ ከላይ እየወጣ ከታየ የላይኛው ክር ከረረ ማለት ነው። ቀዩ ከሥር ቀለበት ቀለበት እየሠራ ከታየ ደግሞ የላይኛው ላልቷል፣ ወይም ክሩ በትክክል አልገባም። ክር ሲገባ ጨርቁን የሚረግጠው ብረት ከፍ ማለት አለበት፤ ዝቅ ብሎ ከገባ ክሩ በሚያጠብቁት ሁለት ክብ ብረቶች መሐል በደንብ አይቀመጥም። ብዙ ሰው "መኪናው ተበላሸ" የሚለው በዚህች ብቻ ነው። በማጥበቂያው ቁልፍ ከተስተካከለ መኪናው ጤነኛ ነው፣ ይገዛ። ጎማውን ወደ ራሱ አቅጣጫ በእጁ ያዙረው። ከበድ ካለ ዘይቱ ደርቆ ሊሆን ይችላል፣ ይጸዳል። ሲዞር አንድ ቦታ ላይ ቀጭ ብሎ የሚይዝ ከሆነ ግን ይተወው። ቀለሙ መላጡን አይይ።

መርፌውም ይጠየቅ። አንድ በኩሉ ጠፍጣፋ አንገት ያለው የተለመደው የቤት መኪና መርፌ የትም አለ። ቁጥር 14 ለዩኒፎርምና ለአቡጀዴ፣ 11 ለስስ ጨርቅ፣ 16 ለጂንስ ነው። አንዳንድ በጣም አሮጌ መኪናዎች፣ ለምሳሌ ሲንጀር 12፣ የራሳቸው ልዩ መርፌ ነው ያላቸው። እነሱ ለቤት ጌጥ ያምራሉ።

እንግዲህ ጋሼ ያገለገለች የእጅ መኪና ገዙልን። ዋጋዋ በወር ከምልከው ትንሽ አለፍ ይላል፤ የዚያን ወር እማዬም ተቸገረች፣ እኔም የስልክ ካርድ አልገዛሁም። እማዬ ደግሞ መኪናዋን ልትንከባከብ ብላ የኑግ ዘይት አጠጣቻት! በሁለት ሳምንቷ እንደ ሙጫ ተጣብቃ ቀረች። ጋሼ እየሳቁ በነጭ ጋዝ አጥበው አስነሷት። የምግብ ዘይት ለስፌት መኪና አይሆንም፣ ይደርቃል። የስፌት መኪና ዘይት ቀጭንና ነጭ ነው፤ አንድ ትንሽ ጠርሙስ ብዙ ጊዜ ያገለግላል። በነጭ ጋዝ ማጽዳት የአዋቂ ሥራ ነው፣ ከእሳትና ከልጅ የራቀ ቦታ።

ስንት ዓመቷ ይሁን?

ከሰባት ዓመት በታች ከሆነ መኪና አይቸኩል። አፉ የደነዘዘ ትልቅ መርፌ፣ ወፍራም ክርና ቁልፍ ስጡት፤ ቁልፍ መትከል ይማር። ሰባትና ስምንት ላይ አዋቂ አጠገብ ቁጭ ካለ በእጅ መኪና ይቻላል። "ካለ" ያልኩትን አትለፉት። አያትየው ዓይናቸው ደክሞ፣ ሌላ ሰውም ቤት ውስጥ ከሌለ ሁለት ዓመት መጠበቅ ይሻላል። ደግሞ "እኔ ወንድ ነው ያለኝ" ብላችሁ ይህን ገጽ አትዝለሉት። አገራችን በረንዳ ላይ የሚሰፉት እነማን ናቸው? ብዙዎቹ ወንዶች አይደሉም እንዴ?

ጋሼ ልጄን ያስጀመሯት ያለ ክር ነው። አሮጌ መርፌ አስገቡ፣ ከደብተሯ ወረቀት ቀደዱና "ሰማያዊዋን መስመር ተከትለሽ ብሺ" አሏት። መርፌው መስመሩ ላይ ቀዳዳ ብቻ እየተወ ይሄዳል። ክር ስለሌለ የሚጠላለፍ የለም፣ የሚተረተርም የለም፤ ቀዳዳው ከመስመሩ ሲወጣ ራሷ ታየዋለች። ከመርፌው ግራና ቀኝ ፕላስተር ለጥፈው "ጣትሽ ከዚህ አያልፍም" ብለዋታል። ወረቀት መርፌ ያደነዝዛል፣ ስለዚህ አዲስ መርፌ አይባክንበት። መስመሩ ሲለመድ ክብ፣ ከዚያ ማዕዘን፤ ማዕዘን ላይ መርፌው ወረቀቱ ውስጥ ወርዶ ይቆማል፣ የሚረግጠው ብረት ይነሳል፣ ወረቀቱ ይዞራል፣ ብረቱ ይወርዳል። ክር የገባላት በሦስተኛው ሳምንት ነው። የመጀመሪያ ሥራዋ አራት ማዕዘን የድስት መያዣ ነበር። ማዕዘኑ አራት አይመስልም፣ ግን ስትጎትተው አልተተረተረም። ጎትታ አሳየችኝ፣ በቪዲዮ። "እይ እማ፣ እይ" እያለች ሦስት ጊዜ ጎተተችው።

ከደሴ የመጣች እህት ከዚያ ወረቀት አንዱን አምጥታልኛለች። ላይኛዎቹ መስመሮች ሰክረው ነው የሚሄዱት። ስድስተኛው መስመር ሰማያዊውን ይዞ እስከ ግማሽ ይሄድና አንድ ቦታ ላይ ይወጣል። እማዬ እንዳለችው እዚያ ጋ ስትደርስ እኔ ደውዬ ነው።

ሮዟን መኪና የገዛችው እህታችን ሱቁ አልመልስም ስላላት ለልጇ ቤት ጌጥ ይሆናል ብላ ይዛታለች። ለእውነተኛዋ መኪና ጎንደር ያለ ወንድሟን ሰፈሩ ውስጥ ልብስ ሰፊ እንዲጠይቅ ልካዋለች። እኔ ቡርጅ ሐሙድ ሄጄ 14 ቁጥር መርፌ ሁለት ፓኬት፣ አምስት ክብ ቦቢንና አንድ ጠባብ መቀስ ገዝቻለሁ። ሁሉም ተደምሮ ሩብ ኪሎ አይሞላም። በዚህ ወር በኮምቦልቻ ወይም በደሴ በኩል የምትገቡ ካላችሁ እሁድ ፈልጉኝ፤ መቀሱ ሻንጣ ውስጥ ነው የሚገባው፣ በእጅ ቦርሳ ኤርፖርት ላይ ይወስዱታል።